በመርከብ የሚሳፈር ሕፃን ስሙ ይጻፍ

ቤተ ሰቡን ይዞ ለዕረፍት ወይም ዘመድ ለመጠየቅ በመርከብ የሚሄድ ሰው፥ ከመነሣቱ በፊት የሚያስበው ነገር ብዙ ነው። ስንቁን ያሰናዳል፤ የባሕር ነፋስ ብርድ ነውና ለልጆቹ የሚደረብ ልብስ ይመርጣል፤ ማዕበል ቢነሣ የሚታመመውን ልጅ አስቦ መድኃኒት ይይዛል። ዳሩ ግን የልጆቹን መታወቂያ ወረቀት ከሻንጣው ማኖሩን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ከአገሩ ወሰን የማይወጣ ከሆነማ፥ «ከገዛ አገራችን ወደ ገዛ አገራችን ስንሻገር፥ ጥርሱን አብቅሎ ላልጨረሰ ልጅ ምን ወረቀት ያስፈልገዋል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ይህ ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ወረቀት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ወሰን ጠባቂን፥ ቀረጥ ተቀባይንና ፖሊስን ነውና፥ ወሰን በሌለበት ወረቀት መጠየቁ ለከንቱ ማድከም ይመስላል። ነገር ግን በመርከብ ላይ የሚጠየቀው የልጅ ወረቀት ለማለፍ ፈቃድ መስጫ አይደለም፤ ለመቈጠር ነው እንጂ። በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ልናመለክት የፈቀድነውም ይህን ልዩነት ነው።

ደሴት የበዛባቸው አገሮች ይህን ጥያቄ በብዙ እንባ መልሰውታል። ከነዚህም አንዲቱን፥ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን በ1943 ዓ.ም. በፑሳን ወደብ ወርደው የተዋጉላትን ደቡብ ኮሪያን እንመርጣለን። የዚህች አገር ደሴቶች ከ3000 ይበልጣሉ፤ ስለዚህ ሕዝብዋ ልጆቹን ይዞ በመርከብ ከየብስ ወደ ደሴት መሻገር የዘወትር ልማዱ ነው። ደግሞም በአገር ውስጥ ለሚሳፈር ሕፃን መታወቂያ ወረቀት አጥብቃ ከሚጠይቁት መንግሥታት አንዲቱ እርስዋ ናት።

የሁለት መርከቦች ነገር

በ1986 ዓ.ም. መስከረም 30 ቀን (በአውሮፓ አቈጣጠር ኦክቶበር 10 ቀን 1993) ሶሄ የተባለችው መርከብ ከኮሪያ ምዕራባዊ ጠረፍ አጠገብ ሰጥማ 292 ሰዎች ሞቱ። መርከቢቱ እንድትይዝ የተፈቀደላት 221 ሰው ሲሆን፥ ተሳፍረውባት የተገኙት 362 ነበሩ። በአደጋው ቀን ግን ስንት ሰው እንደ ተሳፈረ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም።

ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ከዚህ የባሰ ኀዘን መጣ። በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ 7 ቀን ማታ (በአውሮፓ አቈጣጠር ኤፕሪል 15 ቀን 2014) ሴዎል የተባለችው መርከብ ከኢንቾን ወደብ ተነሥታ ወደ ጄጁ ደሴት ጕዞ ጀመረች። መነሻዋም መድረሻዋም በአንድ መንግሥት ግዛት ውስጥ ነው። ከተሳፋሪዎቹ የሚበዙት ከአንሳን ከተማ ከአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለጕብኝት የወጡ ተማሪዎች ነበሩ። በማግሥቱ ጧት በጂንዶ ደሴት አጠገብ መርከቢቱ ወደ ጐንዋ ተጋድማ ሰጠመች። ከነበሩባት 476 ሰዎች 304ቱ ሞቱ፤ ከሞቱትም 250ዎቹ ተማሪዎች ነበሩ።

በዚያ ጧት ወላጆች ዜና ለመስማት ሲጨነቁ «ተማሪዎቹ ሁሉ ድነዋል» የሚል ወሬ ተነገራቸው። እናቶችም እፎይ ብለው ለልጆቻቸው ደረቅ ልብስ ለማቀበል ሲነሡ፥ ወሬው ሐሰት ሆኖ ተገኘ። ከዚህም ሌላ በመርከቢቱ ላይ ስንት ሰው እንደ ነበረ ለማወቅ ብዙ ቀን ወሰደ። ቍጥሩ አንድ ጊዜ 477፥ ኋላም 459፥ ከዚያም 462 ተባለ፤ 476 መሆኑ የታወቀው በመጨረሻ ነው። ምክንያቱም ስሙ በዝርዝሩ ተጽፎ ያልተሳፈረ ሰው ነበረ፤ ተሳፍሮም ስሙ በዝርዝሩ ያልነበረ ሰው ነበረ።

ዝርዝሩ በሚገባ ተጣርቶ ቢሆን ኖሮ መርከቢቱ አትሰጥምም ነበር ማለታችን አይደለም። ያሰጠማት ከልክ ያለፈና በደንብ ያልታሰረ ጭነት፥ የሰዎችም ቸልታ ነው። ይሁን እንጂ መርከብ በሰጠመ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ቀረ?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት የሚችለው መርከቡ ከወደብ ሳይነሣ በፊት የተጻፈው መዝገብ ብቻ ነው። ጠላቂው ዋናተኛ ስንት ሰው እንደሚፈልግ ካላወቀ ፍለጋውን መቼ እንደሚያቆም አያውቅም፤ በወደቡ የቆመው አባትም ልጁን ማንን ብሎ እንደሚጠይቅ አያውቅም።

ዛሬ በኮሪያ ወደቦች የሚሆነው

ከሴዎል አደጋ በኋላ የኮሪያ መንግሥት በአገር ውስጥ መርከቦች የሚሳፈር ሰው ሁሉ ማንነቱ እንዲረጋገጥ አጥብቆ አዘዘ። ተሳፋሪው ቲኬት ሲቈርጥ ስሙ፥ ጾታው፥ የተወለደበት ጊዜና ስልኩ ይጻፋል፤ መታወቂያውንም ያሳያል። ወደ መርከቡ ሲገባ ደግሞ ቲኬቱና መታወቂያው ዳግመኛ ይመሳከራሉ። ይህ ሁለተኛው ማመሳከር ታላቅ ጥቅም አለው፤ የመጀመሪያው ቲኬት የገዛውን ሲያሳውቅ፥ ሁለተኛው በእርግጥ የተሳፈረውን ያሳውቃልና። መታወቂያ ያልያዘ ሰው ከወደቡ ይመለሳል።

እዚህ ላይ የልጆች ነገር ይነሣል። በኮሪያ የነዋሪነት መታወቂያ ካርድ ለሰው የሚሰጠው 17 ዓመት ሲሞላው ነው። ከዚያ በታች ያለ ልጅ ካርድ ስለሌለው በምን ይታወቃል ቢባል፥ መልሱ በብዙ መንገድ ነው። ተማሪ የሆነ የትምህርት ቤቱን መታወቂያ ያሳያል፤ ከ9 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ መንግሥት ለወጣቶች የሚሰጠውን ካርድ ማውጣት ይችላል፤ ፓስፖርት ያለውም ፓስፖርቱን ያቀርባል። ለሕፃናቱ ግን ወላጆች የሚይዙት አብዛኛውን ጊዜ የነዋሪነት መዝገብ ግልባጭ ወይም የቤተ ዘመድ ምስክር ወረቀት ነው፤ በዚህም ላይ የአባት፥ የእናትና የልጆች ስም በአንድነት ተጽፎ ይገኛል። በዚያች አገር የሚኖሩ የእኛ አገር ሰዎችም ቢሆኑ ወደ ደሴት ሲሻገሩ የልጆቻቸውን ፓስፖርት ከቤት ትተው መሄድ አይገባቸውም።

ብዙ ቤተ ሰብ ይህን ረስቶ ወደ ወደብ ስለሚመጣ፥ በአንዳንድ ወደቦች ግልባጩን ወዲያው አትሞ የሚሰጥ መኪና ቆሞ ይገኛል። ነገር ግን መርከቡ ሊነሣ ሲል፥ ሕፃን በጀርባ አዝሎ፥ ሌላውን በእጅ ይዞ፥ ሻንጣ እየጐተቱ ከመኪናው ፊት መሰለፍ ምንኛ ጭንቅ እንደ ሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለዚህ ነው።

ዋጋ የማይከፈልበት ልጅ

አሁን ከነገሩ ሁሉ ወደሚያሳስበን ደርሰናል። በመርከብ መዝገብ ላይ ሳይጻፍ የመቅረት አደጋ ከሁሉ ይልቅ የሚያገኘው ሕፃኑን ነው። ምክንያቱም ሕፃን ብዙ ጊዜ ዋጋ አይከፈልለትም፤ ዋጋ ካልተከፈለ ቲኬት አይቈረጥም፤ ቲኬት ካልተቈረጠ ስም አይጻፍም። እናቱ በእቅፍዋ ይዛው ስለምትገባ የሰጪው ዓይን የሚያየው አንድ ሰው ነው፤ በመርከቡ ላይ ያሉት ነፍሶች ግን ሁለት ናቸው።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። በ1980 ዓ.ም. ታኅሣሥ 10 ቀን (በአውሮፓ አቈጣጠር ዲሴምበር 20 ቀን 1987) በፊሊፒንስ ደሴቶች ዶኛ ፓስ የተባለችው መርከብ፥ ለልደት በዓል ወደ ማኒላ የሚሄዱ ብዙ ቤተ ሰቦችን ጭና ሳለች፥ ዘይት ከጫነች ሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ በእሳት ጠፋች። በመዝገብዋ የተጻፉት ተሳፋሪዎች 1493 ብቻ ነበሩ፤ የሞቱት ግን ከ4000 በላይ መሆናቸው ተገምቷል። በሰላም ዘመን ከደረሱት የባሕር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ከመዝገቡ ከቀሩትም መካከል፥ በመርከቡ ላይ ቲኬት ከገዙት ሌላ፥ ዕድሜያቸው ከ4 ዓመት በታች ሆኖ ዋጋ ያልተከፈለላቸው ሕፃናት እንደ ነበሩ ተነግሯል። እነዚያ ሕፃናት ስንት እንደ ነበሩ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ወላጆቻቸው አብረው ስለ ሞቱ ስማቸውን የሚጠራም አልቀረላቸው።

ከዚህ ዓይነት ኀዘን የተነሣ ብዙ መንግሥታት «ዋጋ አለመክፈል ሌላ፥ አለመጻፍ ሌላ» የሚል ሥርዓት አቁመዋል። በኮሪያ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ያለ ዋጋ ቢሳፈርም ስሙ ይመዘገባል። ደሴቶችዋ እጅግ በበዙት በግሪክ አገርም ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ዋጋ አይጠየቅም፤ ነገር ግን በስሙ ዋጋ የሌለው ቲኬት ይቈረጥለታል። የአውሮፓ ኅብረትም በ1990 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ1998) ባወጣው ደንብ፥ በአገር ውስጥም ቢሆን መንገደኛ የሚጭን መርከብ ሁሉ ከመነሣቱ በፊት ሰዎቹን እንዲቈጥር፥ ከወደብ ከ20 የባሕር ማይል የሚርቅ ከሆነም ስማቸውን፥ ጾታቸውንና ዐዋቂ፥ ልጅ ወይም ሕፃን መሆናቸውን እንዲጽፍ አዝዟል።

ዕድሜ ለምን ይጻፋል?

ስም መጻፉ ይገባናል፤ የልጁን ዕድሜ ማወቅ ግን ምን ይረባል የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። በመርከብ ላይ ለጭንቅ ቀን የሚቀመጠው፥ በውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ሰደርያ ለሁሉ አንድ ልክ አይደለም። ለዐዋቂ የተሠራውን ለሕፃን ቢያለብሱት ሰውነቱ ከውስጡ ሾልኮ ይወጣል፤ ወይም ፊቱን ከውሃ በላይ አድርጎ አይዘውም። ስለዚህ ስለ ባሕር ደኅንነት በተደረገው የመንግሥታት ውል ክብደቱ ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ሕፃን አንድ ዓይነት፥ ከ15 እስከ 43 ኪሎ ለሆነ ልጅ ሁለተኛ ዓይነት ሰደርያ ተወስኗል። በዚሁ ውል መንገደኛ የሚጭን መርከብ ለልጆች የሚሆነውን ከተሳፋሪዎቹ ቍጥር ከመቶ 10 እጅ ያላነሰ እንዲይዝ፥ ልጆቹ ከዚህ ቢበዙም ለያንዳንዱ ልጅ እንዲበቃ ታዝዟል። እንግዲህ የመርከቡ አለቃ ስንት ልጅ እንደ ተሳፈረ ካላወቀ፥ ሰደርያው መብቃቱን በምን ያውቃል?

ሦስተኛም ምክንያት አለ። ሕፃን ከአደጋ ቢድን፥ ወይም ከዚህ ያነሰ ነገር ሆኖ በወደብ ግርግር ከእናቱ ቢለይ፥ የማን ልጅ እንደ ሆነ በቃሉ ማስረዳት አይችልም። «አባትህ ማን ይባላል?» ቢሉት «አባዬ» ይላል። አያት ወይም ሞግዚት ይዞት የሚሄድ ልጅ ሲሆንማ ነገሩ ይብሳል። የአባትና የእናት ስም ያለበት ወረቀት ለዚህ ጊዜ ስለ ልጁ ሆኖ ይናገራል።

ቍጥርን ስለሚጠሉ ሰዎች

ይህን ሥርዓት የሚነቅፉ አይታጡም፤ ከነቀፋቸውም እውነት ያለበት አለ። አንዳንዱ ሰልፉ ረዘመ፥ ልጆች በፀሐይ ቆሙ ይላል፤ ይህ እውነት ነው። አንዳንዱ ደግሞ የቤተ ሰቤን ስምና ልደት ጽፎ የሚይዝ ማን ነው፥ ለሌላ ነገርስ ቢያውለው ብሎ ይሠጋል። ይህም ሥጋት የማይናቅ ስለ ሆነ፥ የተጻፈው ለደኅንነትና ለፍለጋ ብቻ እንዲውልና ጊዜው ሲያልፍ እንዲጠፋ ማድረግ የሹሞች ግዴታ ነው። የአውሮፓው ደንብም መዝገቡ ከሚያስፈልግበት ጊዜ አልፎ እንዳይያዝ ይከለክላል።

ከእኛም አገር አረጋውያን መካከል ሰው መቍጠርን የማይወዱ አሉ። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ስለ ቈጠረ መቅሠፍት እንደ መጣ ከመጽሐፍ ያስታውሳሉ። ነገር ግን ያው ቅዱስ መጽሐፍ መቶ በጎች ስላሉት እረኛ ይነግረናል። እረኛው አንዱ በግ መጥፋቱን ያወቀው ቈጥሮ ስለ ነበረ ነው፤ ባይቈጥር ኖሮ ዘጠና ዘጠኙን አይቶ ሁሉም ገብተዋል ብሎ በሩን በዘጋ ነበር። ዳዊት የቈጠረው ለኀይሉ መመኪያ ሲሆን፥ እረኛው የቈጠረው ለመፈለግ ነው። የመርከብ መዝገብ የእረኛው ቍጥር ነው።

በእኛ አገር

አገራችን ዛሬ የባሕር ወደብ ባይኖራትም ሐይቆች አሏት። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጣና ደሴቶች ያሉትን ገዳማት ለመሳለም፥ ወይም ወደ ጎርጎራ ለመሻገር፥ ልጆቹን ይዞ በጀልባ የሚሳፈር ቤተ ሰብ ብዙ ነው። ውሃ ደግሞ ሐይቅ ነኝ ብሎ አይምርም፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጣናም ይናወጣል። ስለዚህ ከላይ የተነገረው ለባዕድ አገር ብቻ የሚሆን አይደለም።

የልጆች ወረቀት ነገርም በእኛ ዘንድ መልክ እየያዘ ሄዷል። ቀድሞ የልጅ ልደት የሚታወቀው በቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብና በአያቶች ትዝታ ነበረ፤ «በጠላት ወረራ ማግሥት»፥ «በዚያ የአንበጣ ዓመት» እየተባለ ዕድሜ ይቈጠር ነበር። በ2004 ዓ.ም. የወሳኝ ኵነት ምዝገባ አዋጅ ቍጥር 760 ወጣ፤ ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. ተጀመረ። በዚህ አዋጅ መሠረት የልጅ መወለድ በ90 ቀን ውስጥ ሊመዘገብ ይገባዋል፤ ለልጁም የልደት ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። የቀበሌ መታወቂያ 18 ዓመት ሳይሞላ ስለማይሰጥ፥ እስከዚያ ድረስ የልጁ ስምና የወላጆቹ ስም በአንድነት የሚገኝበት ዋናው ወረቀት ይኸው ነው። ስለ ሆነም ይህን ወረቀት ለትምህርት ቤት መግቢያ ቀን ብቻ የሚፈለግ አድርጎ ከሣጥን ግርጌ መቅበር አይገባም።

ለቤተ ሰብ አለቆች ምክር

ልጆችን ይዞ በውሃ ላይ ለሚሄድ ሰው ሁሉ፥ የሚሄድበት አገር ሕግ ቢያስገድደውም ባያስገድደውም፥ የሚከተለውን ማድረግ መልካም ነው እንላለን።

1ኛ፤ ከጕዞው አስቀድሞ መርከቡ ለልጆች የሚጠይቀው ወረቀት ምን እንደ ሆነ መጠየቅ፤ ወረቀቱን ወይም የታወቀ ግልባጩን ከትልቁ ሻንጣ ሳይሆን ከእጅ ቦርሳ ማኖር።

2ኛ፤ በእቅፍ ያለ ሕፃን ቢሆንም፥ ዋጋም ባይከፈልለት፥ ስሙና ዕድሜው ከመዝገቡ መግባቱን በዓይን አይቶ ማረጋገጥ። ጸሐፊው «ሕፃን ነው፥ አያስፈልግም» ቢል፥ በትሕትና «እባክዎ ይጻፉልን» ማለት።

3ኛ፤ ቲኬት ገዝቶ ከቤተ ሰቡ አንዱ በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ቢቀር፥ መቅረቱን ማሳወቅ፤ በሌለበት ሰው ፍለጋ ጠላቂዎች እንዳይደክሙ።

4ኛ፤ በገቡ ጊዜ የልጅ ሰደርያ የት እንደሚገኝ መጠየቅ፥ በልጁም ልክ መሆኑን መሞከር።

5ኛ፤ ስም የማይጻፍበት ትንሽ ጀልባ ቢያጋጥም፥ የተሳፈሩትን ሁሉ ስም ከነልጆቹ በወረቀት ጽፎ በየብስ ለሚቀር ሰው መስጠት። ይህ ከሁለት ደቂቃ የበለጠ ጊዜ አይወስድም።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ሥልጣን ያላችሁ፥ የወደብና የሐይቅ ዳር ሥራም ከእጃችሁ በታች ያለ ናችሁ። እናንተ በቤታችሁ የምታስለምዱትን የበታቾቻችሁ ያዩታል፤ በመሥሪያ ቤታችሁ የምታዝዙትንም ሕዝቡ ይከተለዋል። አንድ ሹም ከቤተ ሰቡ ጋር ሲሳፈር «የእገሌ ልጆች ናቸው፥ ይለፉ» ተብሎ ያለ ጽሕፈት ቢያልፍ ክብር መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን ልጆቹን ካልተቈጠሩት መካከል አኖራቸው እንጂ አላከበራቸውም።

መርከብ በሰላም ደርሶ፥ ልጆች እየተሯሯጡ ወደ የብስ ሲወርዱ፥ ያ ሁሉ የተጻፈ ስም፥ ያ ሁሉ የታየ ወረቀት ለምንም ያልጠቀመ ይመስላል። እኛም የምንመኘው ይህንኑ ነው፤ በመርከብ መዝገብ የተጻፈ የሕፃን ስም ሁሉ ማንም ሳይፈልገው ይኑር።